አጎትሽ የዘለሏት ፊደል

ጥያቄ፦

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከጎንደር፣ ከአዘዞ ነው። ወንድ አያቴ አምና በዘጠና ዓመታቸው ሲያርፉ ከሳጥናቸው አንድ የብራና ዳዊትና በጨርቅ የተጠቀለሉ ወረቀቶች ወጡ። በዳዊቱ መጀመሪያና መጨረሻ ባዶ ቅጠሎች ላይ የተለያየ ሰው የከተበው አለ። ከዚያ ውስጥ አንዱ የልደት ጽሑፍ ቤቱን ለሁለት ከፈለው። አጎቴ «የአባቴ አባት ነው፣ ወልደ ጊዮርጊስ ነው የሚለው» ይላል። እኔ ግን «ወለተ ጊዮርጊስ» ይመስለኛል። የስሙ ሦስተኛ ፊደል ላይ ውኃ ፈሶበታል። ዓመቱም ፲፰፻፹፮ ይሁን ፲፰፻፹፯ መለየት አቃተን። የአክስቴ ልጅ «ሎሚ ቀባ ቀባ ብናደርገው ቀለሙ ይወጣል» ይላል። ፒያሳ ያገኘነው አንድ ሰው ደግሞ «ልግዛችሁ» እያለ ነው። ወረቀቶቹንማ ጭራሽ ማንበብ አልቻልንም፤ አጎቴ ብቻ ከአንዱ ላይ «ወ/ጊዮርጊስ» የሚል ለቅሞ ማስረጃ አድርጎታል። ግእዝ አልተማርኩም። ፎቶውን ልኬልዎታለሁ። ምን ላድርግ?

ግራ የገባኝ፣ ከአዘዞ

መልስ፦

እህቴ፣ በቅድሚያ አያትሽን ነፍሳቸውን ይማር። ቀጥሎ ሎሚውን ወደ ጓዳ መልሺልኝ።

የአገራችን የብራና ጥቁር ቀለም በአብዛኛው ከጥላሸት የሚዘጋጅ ነው። ጥላሸት ፀሐይ ቢያየው እንኳ በቀላሉ አይደበዝዝም። ችግሩ ሌላ ነው። ቀለሙ ቆዳው ውስጥ አይሰርግም፤ ላዩ ላይ ተቀምጦ ነው የሚኖረው። ሲያረጅ ይፈረፈራል፣ ሲረጥብ ይታጠባል። ስለዚህ ሎሚ ጎትቶ የሚያወጣው የተደበቀ ቀለም የለም። የቀረችውንም ይዟት ይሄዳል። ዘይት፣ አልኮልና የረጠበ ሶፍትም እንደዚያው ናቸው። የአክስትሽ ልጅ ለደግ አስቦ ነው፤ ግን እጁን ይሰብስብ።

የሚሠራው ብርሃን ነው፣ እሱም ገንዘብ አይጠይቅም። ጠዋት መስኮት አጠገብ ተቀመጪ፣ ፀሐይ ግን በቀጥታ ገጹን አይምታው። የስልክሽን መብራት ከላይ ሳይሆን ከጎን፣ ገጹን ሊነካ ምንም እስኪቀረው ድረስ ዝቅ አድርገሽ ያዢው። ብዕሩ ቆዳውን የጫረበት ቦታ ካለ ጥላ ይጥላል። ቀለሙ ረግፎ ጭረቱ ብቻ የቀረ ፊደል አንዳንዴ በዚህ ይያዛል። ከዚያ ያለ ፍላሽ ፎቶ አንሺና ስልክሽ ላይ የጥቁርና የነጩን ልዩነት አጉዪው። ለሰው ስትልኪ ደግሞ ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኪው። እንደ ፎቶ ሲላክ መጠኑ ይቀንሳል፣ የምንፈልጋት ስባሪ መስመርም አብራ ትጠፋለች። ለኔ የላክሽው ደግነቱ በፋይል ነው።

አሁን ወደ ጠቡ እንምጣ።

ሁላችሁም ማንበብ የጀመራችሁት ከስሙ ነው፣ ጠቡም የመጣው ከዚያ ነው። ስም ልብ የሚመኘው ቦታ ነው። አጎትሽ አያታቸውን ፈለጉ፣ አገኟቸው። አንቺም ተከራካሪ ሆነሻልና የፈለግሽውን ነው ያየሽው። ያንቺ ንባብ ልክ ቢሆን እንኳ በምን እንደሆነ ማሳየት ካልቻልሽ ከአጎትሽ አትሻዪም። ስለዚህ ስሙን በቁራጭ ወረቀት ሸፍኚውና ለመጨረሻ አቆዪው። በፊት የጸሐፊውን እጅ ልመጂ።

እጁን ስልሽ ዳዊቱን የጻፈውን ሰው ማለቴ አይደለም። እሱ የሠለጠነ ቁም ጸሐፊ ነው፤ ፊደሉ የተሰለፈ ወታደር ይመስላል። ባዶው ቅጠል ላይ የከተቡት ግን ባለቤቶቹ ናቸው። አንዱ ተቻኩሎ ነው፣ አንዱ ብዕሩ ደንዝዞ ነው፣ አንዱ ደግሞ መስመር የሚባል ነገር አያውቅም። በላክሽልኝ ገጽ ላይ ብቻ ሦስት የተለያየ እጅ ይታየኛል። የአንዱን ሰው «ለ» ይዘሽ የሌላውን ስም ብታነቢ ገደል ነው የምትገቢው።

ደግነቱ የድሮ ሰው ሲጽፍ የሚደጋግማቸው የታወቁ አባባሎች አሉ። ደብዳቤ ከሆነ «ይድረስ ከ» ብሎ ይጀምራል፣ «እንዴት ሰንብተሃል፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ» ይላል። የመሬት ሽያጭ ከሆነ ገዢ፣ ሻጭ፣ ዋጋ፣ ዋስና እማኝ አይጠፉም። መጽሐፍ ላይ ከሆነ ደግሞ እርግማን አለ። ያንቺ ገጽ ከታች እንዲህ ይላል፦ «ዘሠረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ለይኩን»። የሰረቀውና የፋቀው በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን ማለት ነው። ይህን እርግማን በየብራናው ጀርባ ታገኚዋለሽ። ምን እንደሚል አስቀድመሽ ስለምታውቂ እያንዳንዱን ፊደል በየቦታው መሰየም ትችያለሽ። ያ ሰውዬ «ረ»ን እንዴት ይጽፋታል? «ቆ»ን የት ላይ ይቀጥላታል? ንጹሕ ወረቀት ላይ አንድ በአንድ ገልብጪያቸው። የሱን ፊደል ገበታ ሠራሽ ማለት ነው። (ፒያሳ ላገኛችሁት ሰውዬም ይቺን እርግማን አንብቢለት።)

ለምን እርግማኑን እንደመረጥኩት ልንገርሽ። እርግማኑንና የልደቱን ጽሑፍ የጻፈው አንድ ሰው ነው። «ወ»ን ሁለቱም ቦታ ወደ ግራ ጋደም ያደርጋታል፣ ቀለሙም አንድ ነው። እርግማኑ ውስጥ ደግሞ የምንፈልጋቸው ሁለቱም ፊደላት አሉ። «ሥልጣነ» ላይ «ል» አለች፣ «ለይኩን» ላይ «ለ» አለች። አጉልተሽ እያቸው። ይሄ ሰው «ል»ን ሲጽፍ መታጠፊያዋን ያጋንናታል፣ ክርን ይመስል ትወጣለች። «ለ»ን ግን ሳያጥፍ ነው የሚለቃት። ይህችን ልዩነት በዓይንሽ ያዣት፣ በኋላ እንፈልጋታለን።

ቀጥሎ ቁጥሩ። ፮ እና ፯ በችኮላ ሲጻፉ መንትያ ናቸው፤ ፩ እና ፬ም እንደዚሁ ያሳስታሉ። ቁጥሩ ላይ ማፍጠጥ ብዙ አይጠቅምም። ጸሐፊው ራሱ ማረጋገጫ ትቶልሻል። ከዓመቱ ቀጥሎ «በዘመነ ሉቃስ» ይላል። እንደምታውቂው ዓመታቱ በአራቱ ወንጌላውያን ይፈራረቃሉ። ዓመተ ምሕረቱን ለአራት አካፍዪው። አንድ ሲተርፍ ማቴዎስ፣ ሁለት ሲተርፍ ማርቆስ፣ ሦስት ሲተርፍ ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። 1886 ለአራት ሲካፈል ሁለት ይተርፋል፣ ማርቆስ ነው። 1887 ሲካፈል ሦስት ይተርፋል፣ ሉቃስ። ስለዚህ ቁጥሩ ፯ ነው፣ ዓመቱም 1887 ዓ.ም. ነው። በዚህ ላይ ክርክር የለም።

በሌሎቹ ቅጠሎች ላይ ስትሄጂ ሁለት ነገር እንዳያደናግርሽ። አንደኛ፣ በግእዝ ቁጥር መካከል «ወ» ትገባለች። ፲ወ፪ ማለት አሥራ ሁለት ነው፤ «ወ»ን ቁጥር ናት ብለሽ አትድከሚ። ሁለተኛ፣ በ፸ የሚጀምር ረጅም ዓመት ካገኘሽ ጸሐፊው የቆጠረው በዓመተ ዓለም፣ ማለት ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ ነው። 5500 ቀንሺለት። ፸፫፻፹፯ ቢል ያው 1887 ዓ.ም. ነው። ዓመተ ሰማዕታት ብሎ ከጻፈ ደግሞ 276 ጨምሪበት።

እንግዲህ ስሙን እንደሸፈንሽ የቀረውን እናንብበው። «አመ ፬ ለጥር በ፲፰፻፹፯ ዓመተ ምሕረት በዘመነ ሉቃስ ተወልደ» ይልና መስመሩ ያልቃል። «አመ ፬ ለጥር» ማለት በጥር 4 ቀን ነው። አጎትሽ እዚህ ጋ ቆሙ። «ተወልደ» ማለት ተወለደ ነው፤ ወንድ ነው፤ በቃ። ግን ወደሚቀጥለው መስመር መጀመሪያ ውረጂ። እዚያ አንዲት «ት» ብቻዋን ቆማለች፣ ከኋላዋም ሁለት ነጥብ አለ። አጎትሽ ወይ አላዩዋትም፣ ወይ የቀለም ነጠብጣብ መስላቸዋለች። የድሮ ጸሐፊ ግን ቦታ ሲያልቅበት ቃሉን ከመሃል ይቆርጠውና የተረፈውን ታች ይጽፈዋል። ምልክትም አያደርግም። ቃሉ ማለቁን የሚነግርሽ ሁለት ነጥብ ነው። ከ«ደ» በኋላ ሁለት ነጥብ አለ? የለም። ከ«ት» በኋላ ግን አለ። ስለዚህ ቃሉ «ተወልደት» ነው። ተወለደች። ሴት ናት።

አሁን ወረቀቱን ከስሙ ላይ አንሺው። ሦስተኛዋን ፊደል ተዪያት፣ ውኃ ወስዷታል፤ ብታፈጪባት አትመለስም። ሁለተኛዋን እያት። የቅድሟን ክርን ፈልጊ። እዚያው ጎን «ተወልደት» ላይ «ል» ክርኗን አውጥታ ተቀምጣለች። ስሙ ላይ ግን ምንም መታጠፊያ የለም። «ለ» ናት። ወለ... ጊዮርጊስ። «ወልደ» ለመሆን «ል» ያስፈልግ ነበር።

ሦስተኛ ምስክርም አለሽ፣ ይሄኛው ግን አጋዥ እንጂ ፈራጅ አይደለም። ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ነው ክርስትና የምትነሣው። ካህኑ ብዙ ጊዜ ስም የሚያወጣው ዕለቱን አይቶ ነው። ከጥር 4 ጀምረሽ ሰማንያ ቀን ቁጠሪ፦ የጥር 27 ቀን፣ የየካቲት 30፣ ይሄ 57 ሆነ፤ 23 ቀን ከመጋቢት ጨምሪ። መጋቢት 23 ላይ ትደርሻለሽ። 23 የማን ቀን ነው? የጊዮርጊስ! ወንድ ቢሆን አርባው የሚሞላው የካቲት 13 ነው፣ ጊዮርጊስም አይደለም። አጎትሽ «ቀኑ ፲ወ፬ ቢሆንስ?» ሊሉ ይችላሉ፣ ጎበዝ ከሆኑ። እውነትም ከጥር 14 አርባ ቀን ሲቆጠር የካቲት 23 ላይ ይውላል። ግን «አመ» እና «፬» ተጠጋግተው ነው የተጻፉት፤ በመሃላቸው ሌላ ቁጥር የሚገባበት ቦታ የለም። ሁሉም ካህን ዕለቱን አይከተልም፤ ወላጅ የተሳለበት፣ የደብሩ ታቦትም ስም ይሆናል። እና ይህን ብቻውን ይዘሽ ሙግት እንዳትገቢ። ከ«ት»ዋና ከ«ለ»ዋ ጋር ሲሆን ግን ያጠናክርልሻል።

እንግዲህ ንባብሽ ልክ ነው። ከመጨፈርሽ በፊት ግን አንድ ነገር። ጽሑፉ ወለተ ጊዮርጊስ የምትባል ልጅ በጥር 1887 ተወለደች ነው የሚለው። ቅድመ አያትሽ ናት አይልም። የአያትሽ እናት ልትሆን ትችላለች። አያትሽ ዘጠና ዓመት ኖረው አምና ካረፉ የተወለዱት 1920ዎቹ አጋማሽ ላይ ነው፤ እናትየው ያኔ አርባ ልትሞላ ነው። ከመጨረሻዎቹ ልጆች አንዱ ከሆኑ ያስኬዳል። አክስት ልትሆንም ትችላለች። በሕፃንነቷ የሞተች፣ ማንም የማያነሣት ልጅ ልትሆንም ትችላለች። ዳዊቱ ከማን ወገን ነው የመጣው? ከአያትሽ አባት ቤት ነው ወይስ ከእናታቸው? ይሄ ሳይታወቅ የዘር ሐረግ ላይ እንዳትጽፊያት።

ይህን የሚፈታልሽ የክርስትና ስም ነው። የአያትሽን እናት ቤተሰቡ የሚያውቃቸው በዓለም ስማቸው ይሆናል። መጽሐፍ ላይ የሚጻፈው ደግሞ የክርስትናው ነው። እነዚህ ሁለቱ ካልተገናኙ አንድ ሰው ሁለት ሆኖ ይቆጠራል፣ ሁለቱ ደግሞ አንድ ይሆናሉ። ፍትሐትና ተዝካር ላይ የሚጠራው የክርስትና ስም ነው። ስለዚህ በዕድሜ የገፉትን ዘመዶችሽን «የእማማ እገሊት የክርስትና ስም ማን ነበር?» ብለሽ ጠይቂ። «ወለተ ጊዮርጊስ ነበር እንዴ?» ብለሽ ግን አትጠይቂ። አዛውንት ሰው ደስ እንዲልሽ ሲል «አዎ» ይልሻል። እኛ ዘንድ ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ሲቆጠር የኖረ ስለሆነ ከአንዳንድ አሮጊት አፍ የሚወጣው ከመዝገብ ይበልጣል። ስልክሽን ቅጂ ላይ አድርገሽ፣ ቡና አስፈልተሽ ተቀመጪ።

ዳዊቱ ውስጥም ፈልጊ። በየመዝሙሩ መካከልና በጸሎቶቹ መጨረሻ ላይ የባለቤቱ ስም ይገባል፣ አንዳንዴ በቀይ ቀለም። «ለገብርከ» ካለ ቀጥሎ ያለው የወንድ ስም ነው፣ «ለአመትከ» ካለ የሴት ነው። ስሙ ከመዳከሙ የተነሣ ባይነበብ እንኳ ከፊቱ ያለው ቃል ጾታውን ይነግርሻል። ስሙ የተጻፈበት ቦታ ተፍቆ ሻካራ ከሆነ ደግሞ አትደንግጪ። መጽሐፍ ሲሸጥና ሲወረስ አዲሱ ባለቤት የበፊቱን ስም ፍቆ የራሱን ማስገባቱ የተለመደ ነው፣ እርግማኑ እያለም። የጎን ብርሃኑን እዚያ ላይ ሞክሪው።

ደብር ሄደሽ መዝገብ ከመፈለግ በፊት ደግሞ የከተማሽን ታሪክ አስቢ። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሽ ጎንደርን ሲያቃጥል ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ነደዋል። ደብረ ብርሃን ሥላሴ የተረፈው በዕድል ነው። ስለዚህ «ደብሩ ከዚያ በፊት ያለውን መዝግቦ ይዞታል» ብለሽ ብዙ ተስፋ አታድርጊ። ሰው ቤት የቀረ ዳዊት ዋጋው የሚጨምረው በዚህም ነው።

ወረቀቶቹን ቶሎ ቶሎ ልለፋቸው፤ ከብራናው ይቀላሉ። መጀመሪያ ማኅተሙን አንብቢ። ከእጅ ጽሑፉ ይልቅ ማኅተሙ ጥርት ብሎ ይገኛል፣ የት መሥሪያ ቤት እንደሆነም ይነግርሻል። «በጌምድርና ስሜን» ካለ የያኔው ጠቅላይ ግዛታችን ነው። ፊደሉ ላይ አትከራከሪ፤ ያኔ ሰው ሀ፣ ሐ፣ ኀ ሳይመርጥ ነበር የሚጽፈው። «ከ» ማለት ሲፈልግ «ኸ» ይላል፣ ጎንደርንም «ጐንደር» ብሎ ይጽፋል። አንዱ ወረቀት ላይ ከቀኑ ጎን በሮማውያን ቁጥር አሥራ ስድስት ተጽፎ አየሁ። እሱ የጣልያን ጊዜ ወረቀት ነው። ፋሺስቶቹ ሥልጣን ከያዙበት ከጥቅምት 1922 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምረው የራሳቸውን ዓመት ይቆጥሩ ነበር። አሥራ ስድስተኛው ከጥቅምት 1937 እስከ ጥቅምት 1938 ነው፣ በእኛ 1930 ዓ.ም. አካባቢ። እዚያ ወረቀት ላይ ያለውን ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ብታነቢው ነገሩ ሁሉ ይዛባል።

የወረቀቶቹ ዋናው ወጥመድ ግን ምህጻር ነው። «ወ/ጊዮርጊስ» የሚል አግኝታችኋል፣ አጎትሽም እሱን እንደ ማስረጃ ይዘውታል። «ወ/» ግን ወልደም ወለተም ናት። ዙሪያውን አንብቢ፦ «አቶ» ይላል? «ወይዘሮ»? «ከሳሽ ቀረበ» ነው ወይስ «ቀረበች»? ወይን ጠጅ በሚመስለው ኮፒያ እርሳስ የተጻፈውን ደግሞ በላብ እጅ እንኳ አትንኪው፣ እርጥበት ሲያገኘው ይሰራጫል። የተቀደደውን በስኮች አታጣብቂ፣ ላሚኔትም አታስደርጊ። ብራናውን በንጹሕ አቡጀዲ ጠቅልለሽ ከምድጃና ከእርጥብ ግድግዳ አርቂው። ክረምት ሲገባ ከፍተሽ ማየት አትርሺ።

ሊገዛችሁ የመጣውን ሰውዬ በአጭሩ ሸኙት። የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል፤ እንዲህ ያለ ገዢ ደግሞ መጽሐፉን የት እንደሚያደርሰው አይነግራችሁም። በዚያ ላይ ለሱ ያ ቅጠል የተጨማለቀ ገጽ ነው። ሰዎች እንዲህ ያሉትን ቅጠሎች ቆርጠው መጣላቸው አዲስ ነገር አይደለም። ያንቺ ቤተሰብ ያለው ደግሞ እዚያ ላይ ነው። ዳዊቱን የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን አሠራር በሚፈቅደው መንገድ በከተማው ባህልና ቱሪዝም ቢሮ በኩል አስመዝግቡት። መመዝገብ ማለት መነጠቅ አይደለም።

የአጎትሽ ነገር ቀረ። ወንድ መሆኑን አጥብቀው የያዙት ስለ ርስት አስበው ከሆነ ንገሪያቸው፦ በእኛ አገር ርስት በአባትም በእናትም ነበር የሚቆጠረው፤ ወለተ ጊዮርጊስ ብትሆን የሚያጡት አልነበረም። የገጠር መሬት ደግሞ የካቲት 25 ቀን 1967 በታወጀው አዋጅ የሕዝብ ከሆነ ቆይቷል። ነገሩ የክብር ብቻ ከሆነ ግን ሰው ፊት አታርሚያቸው። ይልቅ አብራችሁ ሄዳችሁ ሊቅ አስነብቡ። ጎንደር ተቀምጠሽ ግእዝ የሚያነብ አጣሁ አትበይኝ፤ ከተማዋ በአቋቋም (በማኅሌት ትምህርት) ነው የታወቀችው፣ መሪጌታ በየደብሩ አለ። ቅዳሴ ወጥቶ ሰው ሲረጋጋ ሂዱ። ለመሪጌታው ጠቡን አትንገሯቸው፣ «ስሙ ምን ይላል?» ብላችሁም አትጠይቋቸው። ገጹን ከ«አመ ፬» ጀምረው ድምፅ እያሰሙ እንዲያነቡ ለምኗቸው። አጎትሽ በጆሯቸው ይስሙት። መሪጌታው «ተወልደት» ሲሉ አንቺ ዝም በይ። ቤት ስትገቡ ንባቡን ከነጠፋችው ፊደል ገልብጪው። የጠፋችውን ቦታ ባዶ ተዪው እንጂ «ተ» ብለሽ አትሙዪው። ከሥሩም ማን እንዳነበበው፣ በየትኛው ደብርና በስንት ቀን እንደሆነ ጻፊ። ቅጂውን ለአጎትሽም ስጪያቸው።